ማሳረፊያ የሌለው ቦርድ

ስለ ትጋት ሲነሣ ሰው ሁሉ ንብንና ጉንዳንን ያወድሳል። ንብና ጉንዳን ያንን መሥሪያ ቤት ስላላዩት ነው እንጂ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሥራ ይለቁ ነበር። በዚያ ቤት ማረፍ ነውር ነው። የወንበሮቹ መደገፊያ ተነቅሏል፤ የተደገፈ ሰው ያንቀላፋልና። ደረጃው ላይ ቆሞ ትንፋሽ መሰብሰብ ክልክል ነው፤ ትንፋሹን የፈለገ ላይ ሲደርስ ያገኘዋል። መግቢያው ግድግዳ ላይ በደማቅ ቀለም «በዚህ ቤት ያረፈ የለም» ተብሎ ተጽፏል። አንድ መንገደኛ አንብቦት፣ «እሰይ፣ እንኳን ሁላችሁም በሕይወት ኖራችሁ» ብሎ አልፏል ይባላል።

የዚህ ሁሉ ትጋት አባት ዋና ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። ፊት ለፊት «ጌታው» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «አያርፌ»። ቢሰሙትም አይከፋቸውም ነበር፤ ስሙን ማን እንዳወጣላቸው ቢያውቁ እንዲያውም በሾሙት። አያርፌ ቆመው ይበላሉ፣ እየተራመዱ ይፈርማሉ፣ ማዛጋት ሲመጣባቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ በአፍንጫቸው ይጨርሱታል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ሲመጣ ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና፣ «እረፍት? ሞት የት ሄዶብህ ነው የምትቸኩለው? ያኔ እስኪበቃህ ታርፋለህ» ይሉታል። ሠራተኛውም አመስግኖ ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚሠራ በእርግጥ የሚናገር ሰው ባይገኝም፣ ሳያርፍ እንደሚሠራው ግን የማያውቅ አልነበረም።

እኚህን የመሰሉ ሰው አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳቸው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጊዜ አጥተው የኖሩ ሰው፣ ያንን ወንበር ለሌላ መልቀቁን እንደ ሞት ፈሩት። ዘመናቸውን ሊያራዝም የሚችለው የበላይ ቦርዱ ነው። ቦርዱ በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል።

«እኔ ከሌለሁ ይህ ቤት እንደማይቆም የሚያሳይ አንድ ሥራ ያስፈልገኛል» አሉ ለምክትላቸው።

«ልክ ነዎት» አለ ምክትሉ።

ይህ ምክትል ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም፤ ስለዚህ ስሙም ልክነዎት ሆኖ ቀረ። ዘነበ ቢሉት ልክ ነዎት፣ አባራ ቢሉት ልክ ነዎት። ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ብቻ ስለለመደ መንገድ ሲሻገር ግራና ቀኙን ማየት ይቸግረው ነበር።

ሥራው ተገኘ። በዚያ ቤት እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ የግድግዳ ሰዓት ነበረው፣ እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ የየራሱ ጠባይ። የሒሳብ ክፍሉ ለምሳ ይቸኩላል፤ የመዝገብ ቤቱ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ የግዢ ክፍሉ እንደመጣው እንግዳ ክብደት ይፈጥናል፣ ይዘገያል። አያርፌ ሁሉንም አስወርደው በአንድ መሣሪያ ሊተኳቸው ተነሡ። መሣሪያው ሆዱ ውስጥ አንዲት ቦርድ አለች፤ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በላይዋ በመዳብ የተሰመረች። አንዱ ጥግ ላይ ክሪስታል የሚሏት ሳትደክም የምትመታ ነገር ትቀመጣለች። ምቷ በመዳቡ መስመር እየሮጠ ለየክፍሉ ወደተመደበ ትንሽ ቺፕ ይደርሳል። ቺፑም ምቱን እየቆጠረ የክፍሉን ሰዓት፣ ቀኑን፣ የሰዎቹንም የአገልግሎት ዘመን ይይዛል። እንግዲህ ያ ቤት ሁለት ቦርድ ኖረው ማለት ነው። አንዷ ትሠራለች፤ ሌላው የበላይ ነው።

አያርፌ አስቀድመው አንዲት መመሪያ አስጸደቁ። «መሣሪያው ያለው ያለ ነው፤ በሰው አፍ አይታረምም» ትላለች። የበላይ ቦርዱ አጨበጨበ፣ ተበተነ።

ቦርዷን የነደፈችው መሐንዲስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት። ስለ መዳብ መስመር ሲነሣ ግን አፏን የሚዘጋው የለም። ሥራዋን ይዛ መጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችላቸው። አያርፌ አጉሊ መነጽር አስመጥተው፣ የተማረ ሰው ያልገባውን ነገር ሲያይ እንደሚያደርገው ግንባራቸውን ቋጥረው መረመሩ።

«ይቺ መስመር ምን ሆና ነው እንደ እባብ የምትጥመለመለው?»

«እሷ የእርስዎ ናት፣ ጌታው። ቺፕዎ ለክሪስታሏ ቅርብ ነው፣ የዘበኛው ደግሞ ሩቅ። ለእርስዎ ቀጥ ያለ መስመር ብሰጥ ቀድመው ሊሰሙ ነው፤ ስለዚህ አጥመልምዬ አስረዘምኳት። ሁሉም የየራሱ መስመር አለው፣ ርዝመታቸው ግን እኩል ነው። ምቱን ሁሉም ባንዴ ይሰማል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ዘበኛውም?»

«ዘበኛውማ፣ በሩን የሚከፍተው እሱ አይደል?»

አያርፌ ወደ ምክትላቸው ዞሩ። «ትሰማለህ? በዚህ ቤት ዘበኛና ዋና ሥራ አስኪያጅ እኩል ሊሰሙ ነው። ለዚያውም የኔን መንገድ አጣማ።»

«ልክ ነዎት» አለ ልክነዎት። «ለአለቃማ መንገድ ይቀናል።»

«እንግዲያው አንድ መስመር ይበቃል፣ ቀጥ ያለ። መጀመሪያ በእኔ ያልፋል፣ ከዚያ በማዕረግ በማዕረግ ይወርድና በሩ ላይ ያበቃል። ትእዛዝ የሚወርደው እንዲህ ነው። ሰዓት ከትእዛዝ ይበልጣል እንዴ?»

«ሰዓት እኮ…» ብላ ጀምራ ነበር መሐንዲሷ።

«እነዚህስ?» ጣታቸው በየመስመሩ ጫፍ ወደተቀመጡ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነገሮች ሄደ። አርፎ የማይቀመጥ ጣት ምን ጠንቁሎ እንደሚወጣ ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጨዋ ሰው ጽሑፍ ውስጥ አይጠራም እንጂ።

«ማሳረፊያ ናቸው።»

ልክነዎት እንኳ ራሱን መነቅነቁን ገታ።

«ምን አልሽ?»

«ሬዚስተር ነው ስማቸው፤ እኛ ማሳረፊያ እንላቸዋለን። ምቱ ሮጦ ሮጦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያርፍባቸው።»

«በእኔ መሥሪያ ቤት?»

«በቦርዷ ላይ ነው እንጂ፣ ጌታው…»

«ምን ይሠራሉ?»

«ምንም። ይቀበሉና ዝም ያሰኙታል።»

«ተቀብሎ ዝም! አውቀዋለሁ ይህን ዓይነቱን። ይህን ቤት ስረከብ በእሱ ተሞልቶ ነው ያገኘሁት።»

«ጌታው፣ እነሱ ከሌሉ ምቱ ተመልሶ ይመጣል» አለች መሐንዲሷ፣ መነጽሯን ለመፈለግ ቦርሳዋን እየበረበረች። «ገደል አፋፍ ቆመው ሲጣሩ ድምፅዎ እንደሚመለሰው፤ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ምቱ ሲሄድ ይሰማዋል፣ ሲመለስም ይሰማዋል። አንዱን ሁለት ብሎ ሊቆጥር ነው።»

ይህን ጊዜ ልክነዎት ከማይታወቅበት ጠባይ አንዱን አደረገ። ጥያቄ ጠየቀ።

«መጨረሻ ላይ ያለውስ ስንት ይሰማል?»

«እሱማ አንዴ ነው። ምቱ የሚደርሰውም የሚዞረውም እዚያው እሱ ዘንድ ስለሆነ አንድ ይሆንለታል።»

«እህ» አለ ልክነዎት፤ ራሱን ወደ መነቅነቁም ተመለሰ።

አያርፌ ሳቁ። «ልጄ፣ ተመልሶ ከመጣማ ጎበዝ ነው። እኔ የምፈልገው መልእክተኛ ደርሶ የሚመለሰውን ነው፤ ደርሶ የሚተኛውን ምን ላድርገው? አንሺልኝ እነዚህን። በእኔ ቤት ምት እንኳ አያርፍም።»

መሐንዲሷ ልትከራከር አፏን ከፈተች። የጠፋ ሥራ እንደ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ተሰቅሎ እንደማይገኝ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው።

ቺፖቹ በማዕረግ ሲደለደሉ ልክነዎት ሁለተኛ ሊቀመጥ ነበር። እሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የለም ጌታው፤ እኔ ማን ነኝና ከእርስዎ ጎን? ከዘበኛውም ወዲያ፣ ከመጨረሻው ጫፍ ያድርጉኝ። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ልይዎት» አለ። የአያርፌ ዓይን ውኃ አቀረረ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና ከየት ይገኛል? ከየትም።

መሣሪያው ሥራ ጀመረ፣ መሐንዲሷም እንዳለችው ሆነ። የዘበኛው ሰዓት ከፀሐይ ጋር ተስማምቶ ሄደ። መካከል ያሉት ክፍሎች አልፎ አልፎ ይደናቀፉ ነበር፤ የሒሳብ ክፍሉ አንዳንድ ሳምንት ከሰኞ ወደ ረቡዕ ይዘላል፣ «ማክሰኞ የት ገባች?» ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። በአያርፌ ቢሮ አንዱ ሰዓት ሁለት፣ አንዱ ቀን ሁለት ቀን ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሸ ይል ነበር። አያርፌ ሌላ ሰው አይደሉም።

«አያችሁ?» አሉ ሠራተኛውን ሰብስበው። «እናንተ አንድ ቀን ስትሠሩ እኔ ሁለት ቀን እሠራለሁ። ድሮም እንደዚያ ይሰማኝ ነበር፤ ይኸው አሁን በመሣሪያ ተረጋገጠ።»

«ልክ ነዎት» አለ ልክነዎት ከታች፣ ከጫፉ።

ከዚያ ወዲያ አያርፌ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሥራ ቀናቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል ደግሞ «እንደምን አደራችሁ» እያሉ ይመጣሉ። ሠራተኛውም «እንደምን አደሩ» እያለ ይወጣል። ሰላምታ አይከለከልም።

ቤታቸው ግን መመሪያው አልደረሰም ነበር።

«አንቺ፣ እራት» አሉ አንድ ቀን ሲገቡ።

«የምን እራት?» አሉ ባለቤታቸው። «ገና ቀትር ነው።»

«በእኔ ሰዓት መሽቷል።»

«የአንተ ሰዓት ይምሽበት። እኔ ልብስ አጥቤ አስጥቻለሁ፤ ፀሐይዋን አትግፋብኝ።»

«እንግዲያው መስኮቱን ዝጊልኝ፣ ልተኛ ነው።»

«አላርፍም ስትል አልነበር?»

«ይህ እንቅልፍ ነው እንጂ እረፍት አይደለም።»

ባለቤታቸው መጋረጃውን እየሳቡ ጠየቋቸው። «እኔ የምልህ፣ እንዲህ እየሮጥክ የት ልትደርስ ነው?»

«ከሁሉ በፊት እደርሳለሁ።»

«ይሁን፤ የት ነው እኮ የምልህ። የምትደርስበትን ቦታ አይተኸዋል?»

«አንቺ ስለ መዳብ መስመር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ መዳብ አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። አርፈህ ተቀመጥ።»

ያቺ ቃል ከእንቅልፍ ትበረታለች። አያርፌ ጫማቸውን በተቃራኒ እግር አጥልቀው ወደ ቢሯቸው ከነፉ።

እዚያ ደግሞ መሐንዲሷ ጠብቃቸዋለች። «ጌታው፣ ቺፕዎ ሁለት ጊዜ እየቆጠረ ነው። አንዲቷን ማሳረፊያ ብቻ ጫፉ ላይ ልበይዳት። ማንም አያያትም።»

«የበላይ ሰው ሁለት ጊዜ ቢሰማ ምን ያስደንቃል? ሲያዝ አንዴ ይሰማል፣ ሲታዘዙት አንዴ ይሰማል።»

«ቀንዎም እኮ ሁለት ጊዜ እየሄደ ነው።»

«ይሂድ። ቆሞ የቀረ ቀን ምን ይረባል?» አሉና ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ለመሆኑ ማሳረፊያዎቹን ጣልሻቸው?»

«ጥያቸዋለሁ» አለች መሐንዲሷ፤ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣቸው ነበር። መነጽሯን እንጂ ሌላ ነገር ጥላ አታውቅም።

ዓመቱ ዞሮ የበላይ ቦርዱ የሚሰበሰብበት ቀን ደረሰ። ለሰው አንድ ዓመት ሆኗል፣ ለአያርፌ ሁለት። ዘመናቸው ይራዘም ወይስ አይራዘም የሚወሰነው ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ አዳራሹ ተጠረገ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የቦርዱ አባላት እንዳይንገላቱ ለእነሱ ብቻ መደገፊያ ያለው ወንበር ከውጭ ተለመነ። መሣሪያው መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፅ ማጉያ ተገጠመለት። ይህ የአያርፌ ሐሳብ ነበር። በዚያ ቤት መልካም ሐሳብ ሁሉ የእሳቸው ነበር።

«ክቡራን የቦርዱ አባላት» ብለው ጀመሩ። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ለቅልም ለድንጋይም ጊዜ አልሰጠንም።» ተጨበጨበ። «ትናንት ሰዓት ይመራን ነበር፤ ዛሬ ሰዓትን የምንመራው እኛ ነን።» ተጨበጨበ። «ይህ መሣሪያ አያደላም፣ አይሳሳትም፣ አያርፍም።» አሁንም ተጨበጨበ፤ አንድ የቦርዱ አባል ከእንቅልፋቸው ባንነው ሌላው ካቆመ በኋላ ብቻቸውን ቀጠሉ። «ታዲያ ይህ ሁሉ እኔ ባልኖር ባልሆነ። ስለዚህም…»

«ስለዚህም» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ እንዳለ መሣሪያው ደወለ። ድምፁ የሴት ነው፤ ለስላሳ፣ እንግዳ የሚቀበል ዓይነት።

«የዋና ሥራ አስኪያጁ የአገልግሎት ዘመን ዛሬ ተፈጽሟል። መልካም እረፍት።»

ትንሽ ቆየና ያንኑ ደገመው። ምቱ ሄዶ ተመልሶ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ ለማወቅ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ተመለከተ።

«ስህተት ነው» አሉ አያርፌ። «ገና አንድ ዓመት አለኝ።»

የቦርዱ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መሣሪያው ያለው ያለ ነው፣ በሰው አፍ አይታረምም። ይህ የማን ቃል ነበር?»

«የኔ ነው። ግን እኔን ሁለት ጊዜ ቆጥሮኝ ነው እንጂ…»

«ሠራተኛው አንድ ቀን ሲሠራ እኔ ሁለት ቀን እሠራለሁ እያሉ አልነበረም እንዴ የጻፉልን? የሠሩትን ቀን ልንቀማዎት ነው?»

አያርፌ ወደ ምክትላቸው ዞሩ። «አንተ ንገራቸው እንጂ። ያቺ መሐንዲስ ስትናገር አብረኸኝ ነበርክ። መሣሪያው ይሳሳታል በላቸው።»

ልክነዎት ተነሣ። ኮቱን አስተካከለ።

«አይሳሳትም ብለዋል» አለ። ቀስ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነዎት።»

አያርፌ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። እስካሁን አንቱ ያልነው ለወንበሩ ነበር፤ ወንበሩ ደግሞ እጅ ቀይሯል። ወደ ኋላ ደገፍ ሊል ሲል መደገፊያው በራሱ ትእዛዝ የተነቀለ መሆኑን ያስታወሰው ወለሉ ነው።

ቦርዱ ምትክ ለመሾም ብዙ አልደከመም። መሣሪያው ተጠየቀ፤ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ምክትል ዘመኑ ሳይሸራረፍ፣ አንዲት ቀን ሳትዘልበት፣ ብዙ የሥራ ዓመት እንደቀረው መሰከረ። ጊዜ የሰጠው ቅል ማለት ይኸው ነው። ቦርዱ አጨበጨበ፣ ተበተነ።

አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ በማግስቱ መሐንዲሷን አስጠራ።

«ያ ማሳረፊያ አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ።»

«መልሺው። መስመሮቹንም እንደ ድሮው ለየብቻ አድርጊያቸው፣ አጥመልሚያቸው፣ እኩል ይሁኑ።»

«እኔ ዓመቱን ሙሉ ስጨቀጭቅ የኖርኩት ምን ብዬ ነበር?»

«ልክ ነሽ» አለ። አፉ ለምዶበት ነው።

ልክነዎት ውለታ ቢስ ሰው አይደለም። የቀድሞ አለቃው ስም ከዚያ ቤት እንዲጠፋ አልፈለገም። ስለዚህ ከማሳረፊያዎቹ በአንዷ አጠገብ፣ ቦርዷ ላይ፣ በነጭ ቀለም «አያርፌ» ተብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ለምርቃቱም የቀድሞው አለቃ ባለቤቱን አስከትሎ እንዲገኝ በክብር ተጠራ።

አያርፌ መጣ። ቆሞ አጉሊ መነጽሩን ተቀበለ፣ ስሙን አነበበ፣ መነጽሩን ለባለቤቱ አቀበላት። እሷም ጎንበስ ብላ አየችና መሐንዲሷን ጠየቀቻት።

«ይቺ የእሱን ስም የያዘችው፣ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ምንም አትሠራም፣ እትዬ። ትቀበልና ዝም ታሰኛለች።»

«ታዲያ በእሷ ነው ይህ ሁሉ ቤት ልክ የሆነው?»

«በእሷ ነው።»

ባለቤቱ ቀና አለችና ባሏን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው።

«ይኸው ስምህ እንኳ አረፈ» አለችው። «የቀረኸው አንተ ነህ። ና፣ ቤት እንግባ።»

መሣሪያው ደወለ። አንዴ።